እታለም የቆመችበት ቦታ

ፎቶው ከምስማሩ ሲወርድ ከበስተኋላው አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቢጫ ብቅ አለ። ለካ የቤቱ ቀለም ቢጫ ኖሯል። የቀረው ግድግዳ ጥላሸትና አቧራ ሲጠጣ ከርሞ መልኩን ረስቷል። እታለም ወንበሩ ላይ እንደቆመች መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ ትንፋሿን ሃህ ብላ ለቀቀችበትና እንደገና ወለወለችው። ታናሽ ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ በዓይኑ ያጣድፋታል።

«አምጪው በቃ፣ እታለም። ረፍዷል።»

«ቆይ እስኪ አቡሽ፣ አታዋክበኝ። ይሄ ፎቶ እዚህ ከተሰቀለ ጀምሮ ደጅ ወጥቶ አያውቅም። ፊቱን ሳይታጠብ ሰው ፊት ይቅረብ?»

ፎቶው ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። ወንድማቸው ጋሼ የምረቃ ጋዋኑን ለብሶ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተሰይሟል። ከእግሩ ሥር በርጩማ ላይ፣ ዛሬ ጫማውን የሚያስረው ሰውዬ፣ ያኔ የወተት ጥርሱ ያልረገፈለት ልጅ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል። ከሁለቱ ኋላ መሐል ላይ የሁለቱም ታላቅ እታለም ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ጋሼ ትከሻ ላይ፣ ግራ እጇ የትንሹ አናት ላይ ነው። ከሦስቱም ጀርባ ፎቶ ቤቱ በሸራ ላይ ያስሳለው ከባድ መጋረጃ፣ እጥፋቱ እንደ እውነተኛ ጨርቅ እየተንዠረገገ ይወርዳል። እናትና አባታቸው ተከታትለው ካረፉ በኋላ ሁለቱን ወንድሞቿን ያሳደገቻቸው የሰው ልብስ እያጠበች ነበር። ያን ቀንም ከምታጥብበት ቤት አስፈቅዳ እየሮጠች ነው ፎቶ ቤቱ የደረሰችው። የለበሰችው ኮት የአሠሪዋ ነው፤ እጇ ግን የራሷ ነበርና ለመድረቅ ጊዜ አላገኘም። ውሃው በትንሹ ልጅ ግንባር ቁልቁል ሲወርድ ልጁ ቀና ብሎ አያት፤ ፎቶ አንሺውም በዚያች ቅጽበት አነሳቸው። ስለዚህ በፎቶው ላይ ሁለቱ ወደ ሰው ያያሉ፤ ትንሹ ግን የሚያየው እሷን ነው።

ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ የሚለያቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። የስፌት መኪናዋ ከንጋት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ድምፁን ለምደውት አይሰሙትም፤ የሚሰሙት ሲያቆም ነው። መኪናው ካቆመ ሴትዮዋ ወይ ክር እየቀየረች ነው፣ ወይ ጆሮዋን ጣውላው ላይ ጥላለች ማለት ነው። አሁን አቆመ።

«ማን ነው በጠዋት የሚታጠበው?» አለች ከወዲያ።

«ፎቶዬ ነው። መጽሔት ላይ ልወጣ ነው» አለች እታለም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«አንቺ? በየትኛው ገጽ? የጠፋ ሰው አፋልጉኝ የሚለው ላይ?»

«ሽፋኑ ላይ። ከወንድሞቼ ጋር።»

«ሳላይ አላምንም። ያን አፍንጫሽን ሽፋን ላይ ካወጡትማ የሚገዛቸውም አያገኙ።»

«ማታ አመጣልሻለሁ። ያኔ በገዛ መርፌሽ ዓይንሽን ትወጊያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ መኪናዋም ቀጠለ። ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ፣ ለሙሽራም ለሬሳ ቤተሰብም የማትራራ ሴት ናት። እታለም ከእሷ ጋር ስትመላለስ ሁሌም ትሸነፋለች፤ ዛሬ ግን ያሸነፈች መስሏት ፊቷ በርቷል። ፎቶውን ከነፍሬሙ በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችና ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው።

«እንዳይታጠፍብህ።»

«በመስታወት ያለ ነገር እንዴት ይታጠፋል?»

«እሱንም አንተ ታውቃለህ። ደሞ ጋሼህን ሰላም በልልኝ። ስልኩን አያነሳም እንጂ እኔማ ደውዬ ነበር። ሥራ ነው፣ ምን ያድርግ።»

አቡሽ መንገዱን እየሄደ እንደ ልማዱ የሳላቸውን ዓርማዎች ይቆጣጠራል። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ያለችው ፈገግ ያለች መንጋጋ የእሱ ናት። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው መሪ የእሱ ነው። የውሃ ማመላለሻ መኪና ሲያልፍ ጎኑ ላይ የተሳለችው ጠብታ፣ ሆዷ ላይ ትንሽ ብርሃን ያረፈባት፣ እሷም የእሱ ናት፤ ሾፌሩ ጭቃ ረጭቶበት ሲያልፍም በራሱ ጠብታ እንደተረጨ ቆጥሮ ደስ ይለዋል። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ማተሚያ ቤት ወረቀት ሲቆርጥ፣ ከዚያም ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሸጋሸግ ሙያውን በዓይኑ ነው የለቀመው። ሎጎ የሠሪው ስም አይጻፍበትም። መሳል ከሚያውቁት ይልቅ መሳል የሚያዙት ይታወቃሉ። እሱ ግን በመንገድ ላይ ብቻውን እየሄደ ከተማው በሙሉ በእሱ እጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ደብዳቤ አድርጎ ያስበዋል፤ ለማን እንደተጻፈ ባያውቅም።

የመጀመሪያ ሎጎው ግን የትም ተለጥፎ አይታይም። ተማሪ ሳለ እታለም ደመወዝ ስትቀበል በጣቷ መፈረሟ ያሳፍራት ነበርና፣ «እስኪ ስሜን እንደ ሥዕል አድርገህ ሳልልኝ» አለችው። ፊደል ማስተማር ዘገየበት፤ በአንድ ምት የሚሳል፣ ሽቦ ላይ የተቀመጡ ወፎች የሚመስል ስም ፈለሰፈላት። ጣቷን ውሃ ውስጥ እየነከረች ጠረጴዛው ላይ ስትለማመደው፣ ሲደርቅ እንደገና ስትስለው ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ ሌላ አንድ ፊደል አልጨመረችም። ያቺን ሥዕል ግን ጨለማ ውስጥ ብትሰጣት በዳበሳ ታውቃታለች።

የመጽሔቱ ቢሮ ሊፍቱ ከሥራ ወጥቶ እንደ ዕቃ ቤት የሚያገለግልበት ሕንፃ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሥር የዲዛይን ክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ አለ፤ ትልቅ ስክሪን፣ መንኮራኩሩ የማይንቋቋ ወንበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃን። ኃላፊው ከለቀቀ ጀምሮ ባዶ ነው። የእሱ ጠረጴዛ ያለው መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ሲሆን፣ ቀለም የሚመርጠው በሚብለጨለጭ አምፖል እያየ ነው። አምፖሉ ቀዩን ቡናማ፣ ቡናማውን ሐምራዊ ያደርግበታል። አንዳንዴ ለምሳ ሁሉም ሲወጡ መስኮቱ ሥር ሄዶ ይቀመጥና ሰማዩን ያያል፤ ኮቴ ሲሰማ ይነሳል።

ዋና አዘጋጇ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ግራፊክስ» አለችው ገና ከበሩ፣ «ዛሬ ወንድምህ ራሱ ይመጣል። ሽፋኑ ካማረ ያ የመስኮቱ ወንበር ያንተ ነው። ካላማረ የዓመት ማስታወቂያውን ይዞ ወደ እነዚያ ሰዎች መጽሔት ይሄዳል፤ ያኔ እንኳን አንተ እኔም ወንበር የለኝም።»

«ያምራል።»

«ታሪኩ እንዴት ልብ ይነካል መሰለህ። ያለ እናት፣ ያለ አባት፣ ያለ ማንም። አንተን ደሞ በልጅ ጉልበቱ አሳድጎ። እኔ ስጽፈው አለቀስኩ። ምነው ነግረኸን አታውቅም?»

ጆሮው ውስጥ የልብስ ሰፊዋ መኪና የተንቀጠቀጠ መሰለው። ወዲያው ሽቶ ከሰውዬው ቀድሞ ገባ፤ ቀጥሎ ጋሼ። የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የኩባንያው ዓርማ፣ ብቻውን የቆመ አንድ ምሰሶ፣ በመኪናው ቁልፍ መያዣ ላይ በብር ተቀርጾ ይንጠለጠላል። ምሰሶውን የሳለው ታናሽ ወንድሙ ነው። መጀመሪያ ሦስት ምሰሶ ነበር የሳለለት፤ «ሁለቱን አንሳቸው፣ ያጣብባሉ» ብሎ ጋሼ አስነሳቸው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና ወንድሙን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ስለ ቤት አልጠየቀም። «እታለም ሰላም ብላሃለች» ሊለው ነበር፤ አዘጋጇ አጠገባቸው ቆማለችና ለኋላ አቆየው።

ፎቶው ከፍሬሙ ወጥቶ ስካነሩ ውስጥ ገባና ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። መጀመሪያ የመጋረጃው ጫፍ፣ ከዚያ የእታለም ሻሽ፣ ግንባሯ፣ ዓይኖቿ መጡ። ከሁሉም ቀድማ እሷ ነበረች የታየችው። አዘጋጇ መነጽሯን አወረደች።

«ይቺ ማናት?»

ጋሼ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። «ጎረቤት ናት። ፎቶ ሲባል ዘላ ገባች።»

«እጇን ትከሻህ ላይ ጣል አድርጋ?»

«ድፍረቷ።»

አዘጋጇ ሳቀች። «እኛም ሰፈር ነበረች እንደሷ ያለች። በሰው ሁሉ ሰርግ ፎቶ ላይ አለች፤ የማንም ዘመድ አይደለችም።» ከዚያ ወደ ዲዛይነሩ ዞረች። «እውነት ነው ግራፊክስ? ጎረቤት ናት?»

ጋሼ አሁን ቀና አለ። ከሁለቱ ራስ በላይ መስኮቱ ይታያል፤ ፀሐይዋ ባዶው ወንበር ላይ ተዘርፍጣለች፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ሥራ እንደሌለው ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል።

«አዎ» አለ። «ጎረቤት ናት።»

ይከብደኛል ብሎ የፈራው ቃል እንደ ማንኛውም ቃል ቀልሎ ወጣ።

«እንግዲያው ትውጣልን» አለች አዘጋጇ። አንዴ ሞከረ፤ የጋሼን ፊት ብቻ አጉልተው ሽፋኑን ቢሞሉት እንደሚሻል፣ ለዓይን እንደሚከብድ፣ የትልልቅ ሰዎች ሽፋን እንደዚያ እንደሚሠራ አስረዳ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ትንሹ ልጅ ይኑር አለ፤ ያሳደገው ሰው ከእነ አሳዳጊው ይታይ። መቁረጥ እንኳ አይሆንም፤ እታለም ከሁለቱ መሐል ነው ያለችው፤ እሷን ለመቁረጥ ወይ የጋሼን ትከሻ ወይ የልጁን አናት ይዞ መሄድ ግድ ነው። ያለው መንገድ እሷን ፍቆ በቦታዋ መጋረጃውን መሳል ብቻ ሆነ። ስለ ርዕሱ ተከራከሩ። «አሳዳጊ የሌለው» ብላ ጀመረችና አዘጋጇ ራሷ ሳቀች፤ «እንደሱ ካልንማ አሳዳጊ የበደለው ብለን መስደባችን ነው።» መጨረሻ ላይ «ራሱን ያሳደገ ሰው» ተባለ።

አዘጋጇ ስልክ ልትመልስ ስትወጣ ጋሼ ወንበር ስቦ ተጠጋው።

«ፊትህን አታጥቁር አንተ ሰው። የሚስቴ ዘመዶች መጽሔቱን ያዩታል። የግማሾቹን ሸሚዝ ያጠበችው እሷ ናት። ‹ይቺን ሴትዮ የት ነው የማውቃት› ማለት ሲጀምሩ ምን ልበላቸው?»

«እህቴ ናት በላቸዋ።»

«ለአንተ ቀላል ነው። አንተን ማን ያይሃል?» ይህን በክፋት አልነበረም ያለው፤ የሚያሽከረክርበትን መንገድ እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብሎ ነው። «ደሞ እኔ አሳደግኩት ብባል ምን ይጎድልብሃል? ያለኔ ነው ያደግከው?»

«ዩኒፎርሜን የገዛችው እሷ ናት።»

«እሺ፣ እሷ ናት።»

«አንተንም ያስተማረችህ እሷ ናት።»

«እሷ ናት አልኩህ እኮ። ካድኩ? መጽሔት ላይ ነው እንጂ።» ቁልፉን አነሳ። «እሷ እንደሆነች አታነብ። አንድ ነገር ትላታለህ። አንተ አፍ አታጣም።»

«ፎቶ ግን ታያለች።»

ጋሼ ይህን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አለፈው። ከአዘጋጇ ጋር እየተሳሳቀ ወደ ውጭ ወጣ።

ዲዛይነሩ ማውዙን ያዘ። ከሻሿ ጀመረ። አንዱን የመጋረጃ እጥፋት ከጎን ገልብጦ እያመጣ ከላይዋ ላይ ያለብሳታል፤ ጥላው ካልገጠመ ያደበዝዛል፤ ሸራው ላይ የሠዓሊው ብሩሽ የሄደበትን አቅጣጫ ተከትሎ ትንንሽ መስመር ይጨምራል። ዓይኖቿ ላይ ሲደርስ ስክሪኑን በጣም አቀረበው፤ በቅርብ ሲታይ ዓይን ዓይን መሆኑ ይቀርና ጥቁርና ግራጫ ድንጋይ የተነጠፈበት አደባባይ ይመስላል፤ እንደዚያ አድርጎ አለፋቸው። ጋሼ ትከሻ ላይ የነበሩት ጣቶች ከባድ ነበሩ፤ የጋዋኑ ጨርቅ በክብደታቸው ገባ ብሏልና የጠፋውን ክብደት ጭምር ማንሳት ነበረበት። አነሳው። ልጁ አናት ላይ ያለውን እጅ ሲያጠፋ ደግሞ ከሥሩ ፀጉር አልነበረም፤ መሳል የነበረበት ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ሁልጊዜ በእጇ ተሸፍኖ የኖረ የራሱን ፀጉር ነው። ከጆሮው በላይ ያለውን አይቶ አንድ በአንድ ሳለው፤ የከረደደውን እንደ ከረደደ፣ የተኛውን እንደ ተኛ። ግንባሩ ላይ የምታብለጨልጨውን የውሃ ጠብታም አጠፋት።

ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልራበውም። ከሁሉ የከፋው ሲሠራ ደስ ብሎት የነበረ መሆኑ ነው። እያፏጨ ነበር። እህቱን እያጠፋ መሆኑን ረስቶ የመጋረጃው እጥፋት ሲገጥምለት ብቻውን ፈገግ ብሎ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እታለም የነበረችበት ቦታ ረጅምና ጥቁር ሆኖ ባዶ ቀረ፤ ለርዕስ የተሰፋ ይመስል ልክ መጣ። ርዕሱን በቀይ እዚያው ላይ አቆመው፤ ቃላቱን አንዱን ከአንዱ በታች፣ እንደ ሰው ቁመት።

አዘጋጇ መጥታ ከጀርባው ቆመች፤ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የልጁን ዓይን አየኸው?» አለች በመጨረሻ። «ቀጥ ብሎ ወደ ርዕሱ ነው የሚያየው። አንባቢም እሱ ወዳየበት ነው የሚያየው። ይሄን አስበህ ነው?»

አላሰበውም ነበር። ልጁን ወደ ላይ እንዳየ ትቶት ነበር፤ ማንን እንደሚያይ ያወቀው ገና አሁን ነው።

«አስቤበት ነው» አለ።

«ነገ ዕቃህን መስኮቱ ሥር አዛውር።»

የሙከራ ኅትመቱ ከማሽኑ እንደ ትኩስ ዳቦ ሞቆ ወጣ። የእያንዳንዱን ሽፋን የሙከራ ቅጂ ወደ ቤት ይዞ ሄዶ ከአልጋው ትይዩ ይሰቅለዋል፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያሞግሳል፣ እውነቱን የሚናገረው የቤቱ ግድግዳ ነው የሚል የራሱ ወግ አለው። እጁ በለመደው መሠረት ኅትመቱን አንስቶ በትልቁ የካርቶን መያዣ ውስጥ ወደ ፍሬሙ ከተመለሰው ፎቶ ጎን አስቀመጠው። ምን እንዳደረገ የገባው ታክሲ ውስጥ ተጣብቆ ቆሞ የጎኑ ሰው ክርን መያዣውን ሲጫነው ነው። ስወርድ አወጣዋለሁ አለ። ሲወርድ ነፋስ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ አለ።

በር ላይ እታለም ቆማለች። ሻሿን ቀይራለች። ለስንት ዘመን ከሣጥን ያልወጣውን ሹራብ ለብሳለች። ልብስ ሰፊዋ ከነመኪናዋ ወደ ውስጥ ስለሆነች አትታይም፤ ትሰማለች እንጂ።

«አመጣኸው?» ብላ ሳይመልስላት መያዣውን ከእጁ ወሰደችው። «ልቀቀው፣ ታጥፈዋለህ።»

ወደ ውስጥ ገባች። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ ከዚያ እጇን አደረቀች፤ በደንብ፣ በሁለቱም በኩል። የራሷን ፎቶ አወጣችና ወንበሩ ላይ አስደገፈችው፤ ኅትመቱንም አወጣች። የብርሃኑ ነጸብራቅ ፊቷ ላይ አረፈ። ታናሽ ወንድሟ ከበሩ አልገባም፤ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ቀረ።

«ጋሼ አምሮበታል» አለች። «ጋዋኑ እንዴት ጠቁሯል። አንተም አለህ።» ጣቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ኅትመቱን ቀስ ብላ ገለበጠችው። ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው፤ ወረቀትም ይኖረው ይሆናል ብላ ነው። ጀርባው ነጭ ነበር። መልሳ ገለበጠችው።

ከግድግዳው ወዲያ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ምን ታያለህ፣ አቡሽ?» የልጁን ዓይን በጣቷ ነካች። «ወደ ላይ ነው የምታየው።»

 ጣቷ ከልጁ ዓይን ተነስታ ልጁ ወደሚያይበት ወጣች፤ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ቆመች።

«እኔ የቆምኩበት ላይ ምን ብለው ጻፉ?»

እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። እንዲያውም የመጀመሪያው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ጋሼ ያለው ነገር እውነት ሆነ፤ አፍ አላጣም።

«ስምሽ ነው» አለ።

«ስሜ?»

«ከፎቶው ይልቅ ስሟ በትልቁ ይውጣ አሉ። ጋሼ ነው ያዘዘው።»

እታለም ጽሑፉን አየችው። ከዚያ የውሃ ማሰሮው ውስጥ ጣቷን ነከረችና፣ ለመፈረም ስትዘጋጅ እንደምታደርገው ትከሻዋን አስተካክላ፣ ጠረጴዛው ላይ ስሟን በአንድ ምት ሳለችው። ሽቦው፣ ወፎቹ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ጭራ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡ። ከጠረጴዛው ወደ ኅትመቱ፣ ከኅትመቱ ወደ ጠረጴዛው አየች። ዲዛይነሩ የመጀመሪያ ሎጎው ትዝ ያለው ያኔ ነው።

«የመጽሔት ፊደል ሌላ ነው» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። «ያስጌጡታል። እንደ ሎጎ ነው።»

«አዎ» አለች። «አንተ ታውቃለህ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስም ከጠርዙ መድረቅ ጀመረ። ወፎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ሁለቱም ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አዩት። ያኔ መኪናው አቆመ።

«መጣ እንዴ ፎቶሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አምጪው እንጂ፤ መርፌዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።»

እታለም ወደ ጣውላው ዞረች። 

«ገና አልታተመም አለኝ» አለች። «መብራት ጠፍቶባቸው።»

«አላልኩም? ያፍንጫሽ ነገር ነው። ማሽኑ አይቶት ደንግጦ ነው የጠፋው።»

«ሳይሆን አይቀርም» አለች እታለም፤ ሳቀችላትም። መኪናው ቀጠለ።

ወንበሩን ስባ ወጣችበትና ፎቶውን ምስማሩ ላይ መለሰችው። ቢጫው ጠፋ። ግራ ቀኝ አይታ አቀናችው፤ ወረደች። ሹራቡን አውልቃ አጣጠፈችና ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ኅትመቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፤ ያጠበችው ሸሚዝ አንገትጌ ላይ እድፍ ቀርቶ እንደሆነ በምታይበት ዓይኗ፣ አስጠግታ፣ አርቃ፣ እንደገና አስጠግታ አየችው። በመጨረሻ ለታናሽ ወንድሟ ዘረጋችለት።

«ፀጉርህን ግን» አለች፣ «እጄ የነበረበትን፣ እንዳልነበረ አድርገህ ነው የሠራኸው። ቀላል ሥራ አይደለም ይሄ።» ሳይቀበላት ስለቆየ ወረቀቱን እጁ ውስጥ አስገባችለት። «እንካ፣ እንዳይታጠፍብህ።»